የአሞሌና የብር ዜና በምድረ ጎጃም

መንቆረር ደብረ ማርቆስ ሳትባል፣ ባንክም በአገሩ ሳይሰማ፣ የጎጃም ገንዘብ የሚመነዘረው በባሶ ገበያ ነበር። ባሶ ከአባይ ሳይርቅ በየጁቤ አጠገብ ነው። ከወንዙ ማዶ ወርቅ፣ ቡናና ዝባድ ይመጣ ነበር፤ ሰውም በባርነት ይሸጥ ነበር፣ ይህን መዝለል ዜናውን ማጉደል ነውና ጽፈነዋል። በ1830ዎቹ ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ በዚያ አገር ተቀምጦ የገበያውን ነገር በጽሑፍ አኖረ።

ለአነስተኛው ዋጋ የሚከፈለው አሞሌ የሚባል የተጠረበ ጨው ነበር። አሞሌ ከአፋር በረሃ ተጠርቦ በግመልና በበቅሎ ይጫን፣ በየኬላውም ይቀረጥ ነበር። እንዲህ በመሆኑ ከጨው ሜዳው አጠገብ በአንድ ጠገራ ብር ብዙ አሞሌ ሲገኝ፣ ጎጃም ላይ ያንስ፣ ከአባይ ማዶ ደግሞ ይብሱን ያንስ ነበር። ነጋዴ የሚያተርፈው ከዚህ ልዩነት ነበር። አሞሌው ጫፉ እንዳይሸረፍ በልጥ ይታሰር ነበር፤ የተሸረፈ እንደ ሙሉ አይቆጠርም ነበር፤ ክረምት የመታውም ይሟሟል። ቢቸግር ግን ወጥ ውስጥ ይጨመራል፤ ከብር ወገን ይህን የሚችል አላየንም።

ትልቁን ዋጋ የሚሸከም ጠገራ ብር ነበር፤ የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት፣ መቼም ቢመታ ዓመቱ 1780 የሚል፣ ክብደቱ 28 ግራም። ባላገር ሲቀበል የዘውዷን ዕንቁና የትከሻዋን ጌጥ በጣቱ ዳስሶ ነበር፤ ያለቀውንም ይመልስ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ በመልካቸው ያስመቱት ብር እንኳ ከቦታዋ አልነቀላትም።

በ1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ተሰማ ተክለ ሃይማኖት ተብለው የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ሆኑ። ከፋ ማለት የማዶው ንግድ በር ማለት ነበር፤ ያንኑ በር በዚያን ጊዜ ገና የሸዋ ንጉሥ የነበሩት ምኒልክም ይሹት ነበርና በ1874 ዓ.ም. ከአባይ ማዶ እምባቦ በሚባል ስፍራ ተዋጉ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ። የማዶውም ወርቅና ዝባድ እያደር ወደ ሸዋ አቀና።

በ1898 ዓ.ም. የአቢሲኒያ ባንክ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። ኋላም የወረቀት ገንዘብ አወጣ፤ ወረቀቱን ያመጣ ሰው በምትኩ ብር ይቀበላል የሚል ቃል ነበረው። ለከተማ ነጋዴ ይህ በቂ ነበር። የብሩን ዕንቁ እየዳሰሰ ለሚቀበል የገጠር ሰው ግን ብሩ ያለው አዲስ አበባ፣ እርሱ ያለው ከአባይ ወዲህ ጎጃም ነበር፤ ስለዚህ በጠገራው ጸና።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ብር በአዋጅ ወጣ፤ የጠገራውም ሕጋዊነት እያበቃ ሄደ። አንጥረኛ ግን መስቀልና ድሪ ሊሠራበት በሚዛን ይገዛው ነበር።