የአበበ ቢቂላ ሁለተኛ ሜዳ

በሎስ አንጀለስ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የሚገኘው «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሰሜን በኩል የሚዋሰነው በኦሊምፒክ ቡሌቫርድ ነው። ያ ሰፊ መንገድ ቀድሞ ዐሥረኛ ጎዳና ይባል ነበር፤ ስሙ የተለወጠው ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1932 ላስተናገደችው ዐሥረኛው ኦሊምፒያድ መታሰቢያ እንዲሆን ነው። የዚያ ኦሊምፒክ ማራቶን የተሮጠው ኦገስት 7 ቀን 1932 ነበር። የአበበ ቢቂላ የልደት ቀን ተብሎ የሚመዘገበውም ይኸው ዕለት ነው። የከተማዋ ምክር ቤት በ2002 ለሠፈሩ ይፋዊ ስያሜውን ሰጠ። በ2028 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክን ለሦስተኛ ጊዜ፣ ፓራሊምፒክን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ታስተናግዳለች። ይህ የሁለት ውድድሮች መገናኘት የአበበን የስፖርት ሕይወት እምብዛም ከማይተረከው ወገኑ ለመመርመር ምክንያት ይሆናል።

የመጀመሪያው ወገን በሰፊው የታወቀ ነው። የክቡር ዘበኛው ወታደር ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 በሮም ጎዳናዎች በባዶ እግሩ ሮጦ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ አሸነፈ። በ1964 የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው ቶኪዮ ላይ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ድሉን ደገመው። በኦሊምፒክ ማራቶን ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። ይህ ሁሉ የግል ተሰጥኦ ብቻ ያስገኘው አልነበረም። ከጀርባው ደመወዝ የሚከፍልና የልምምድ ጊዜ የሚሰጥ የጦር ክፍል፣ እንዲሁም ኦኒ ኒስካነን የተባለ ስዊድናዊ አሠልጣኝ ነበሩ። ተሰጥኦውን ተቋም ተቀብሎ ለውጤት አብቅቶታል።

በማርች 1969 ሌሊት፣ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን ምሥራቅ በሸኖ አቅራቢያ፣ አበበ የሚያሽከረክረው ቮልስዋገን ተገለበጠ። የአከርካሪው ጉዳት ዳግመኛ በእግሩ እንዳይቆም አደረገው። በዚያው ወር መጨረሻ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ተወሰደ።

የሆስፒታሉ ታሪክ ከአበበ ታሪክ ጋር ቀድሞውኑ ጎን ለጎን ይጓዝ ነበር። ከናዚ ጀርመን የተሰደዱት አይሁዳዊ የነርቭ ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን፣ በጁላይ 1948 የለንደን ኦሊምፒክ በተከፈተበት ቀን፣ በሆስፒታሉ ግቢ በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄዱ ታካሚዎች የቀስት ውድድር አዘጋጁ። ለእርሳቸው ስፖርት ከሕክምናው የማይነጠል ክፍል ነበር። ይህ ውድድር በ1960 ወደ ሮም ተሻገረ። አበበ ባሸነፈ በስምንተኛው ቀን፣ ከ23 አገሮች የመጡ 400 ያህል አካል ጉዳተኞች በዚያችው ከተማ ውድድራቸውን ጀመሩ። ዛሬ የመጀመሪያው ፓራሊምፒክ ተብሎ የሚቆጠረው እርሱ ነው። በ1964ም የቶኪዮ ኦሊምፒክ ካበቃ በኋላ ተመሳሳይ ውድድር ተካሂዷል። አበበ በነገሠባቸው በሁለቱም ከተሞች፣ ኋላ የሚገባበት ሁለተኛው ሜዳ በዚያው ሰሞን ይዘጋጅ ነበር።

አበበ እጆቹን ማዘዝ ሲችል ቀስት አነሣ። በ1970 በስቶክ ማንደቪል ውድድር በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተሳተፈ። በ1971 ኖርዌይ ውስጥ በተዘጋጀ የአካል ጉዳተኞች ጨዋታ ላይ ተገኝቶ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ውድድር አሸነፈ። ይህን ምዕራፍ የሕይወቱ አሳዛኝ ማብቂያ አድርጎ መተረክ የተለመደ ነው። ነገር ግን ሥልጠና፣ ተቀናቃኝ፣ ደንብና ውጤት ያለው ነገር ሁሉ ስፖርት ነው። ስለዚህ አበበን በሁለት የስፖርት ሥርዓቶች የተወዳደረ አትሌት ብሎ መጥራቱ ይበልጥ ትክክል ነው።

ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው መሻገር ምን እንደሚያስከፍል የዌልሱ የራግቢ ክንፍ ተጫዋች የቢሊ ቦስተን ታሪክ ያሳያል። በ1934 በካርዲፍ ወደብ ሠፈር ከሴራሊዮናዊ አባት የተወለደው ቦስተን ያደገው በራግቢ ዩኒየን ነበር። በ1953 ለእንግሊዙ ዊጋን ክለብ ፈርሞ ወደ ራግቢ ሊግ ተሻገረ። ሊጉ ለተጫዋቾቹ ይከፍል ነበር፤ ዩኒየኑ ደግሞ ከሊጉ ገንዘብ የተቀበለን ሰው ተመልሶ እንዳይገባ ይከለክል ነበር። እገዳው ትርጉም ያጣው ዩኒየኑ ራሱ በ1995 ክፍያን ሲፈቅድ ነው። ቦስተን ለዌልስ የዩኒየን ቡድን አንድም ጊዜ ሳይሰለፍ፣ በሊጉ ግን ከ570 በላይ ትራይ አስቆጥሮ፣ የ«ሰር» ማዕረግ ያገኘው በ2025 በ90 ዓመቱ ነበር።

ቦስተንን ያገደው የተጻፈ ደንብ ነው። ሆኖም ከደንቡ ማዶ የተደራጀ ክለብ፣ ደመወዝና ተመልካች ጠብቀውታል። የአበበ መሻገሪያ ከዚህ በተቃራኒ ነበር። ማንም አልከለከለውም፤ በአገሩ ግን ከማዶ የሚቀበለው ተቋም አልነበረም። ሐኪሙም፣ የቀስቱ ሜዳም፣ የበረዶው ውድድርም በውጭ አገር የነበሩ ናቸው። በ1972 በሙኒክ ኦሊምፒክ የክብር እንግዳ ሆኖ በተሽከርካሪ ወንበሩ ሲገባ ስታዲየሙ በጭብጨባ ተቀበለው። ኦክቶበር 25 ቀን 1973 በ41 ዓመቱ ሲያርፍ ንጉሠ ነገሥቱ በቀብሩ ተገኙ፤ ብሔራዊ ሐዘንም ታወጀ። ክብሩ አልተጓደለበትም። የተጓደለው ቀጣይነት ነው፤ ከእርሱ በኋላ አከርካሪው የተጎዳ ወጣት ሊከተለው የሚችል መንገድ አልተዘረጋም።

መዝገቡ ይህንኑ ያረጋግጣል። ኢትዮጵያ በፓራሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው በ1968 በቴል አቪቭ ነው። በ1976 እና በ1980 ጥቂት ተወዳዳሪዎችን ልካ፣ ከዚያ እስከ 2004 ድረስ ጠፋች። የመጀመሪያው ሜዳሊያ በ2012 ለንደን ላይ ተገኘ። የመጀመሪያውን ወርቅ ደግሞ የማየት ጉዳት ያለባት ትዕግስት ገዛኸኝ በ2021 በ1500 ሜትር አስገኘች። ያሸነፈችውም አበበ በ1964 በደገመባት በቶኪዮ ነው። የአገሪቱ የፓራሊምፒክ ሜዳሊያዎች የእይታ ወይም የእጅ ጉዳት ኖሮባቸው በእግራቸው የሚሮጡ አትሌቶች ያስገኟቸው ናቸው። የነባሩ የሩጫ ባህል እነርሱን ሊያቅፍ ችሏል። እንደ አበበ በተሽከርካሪ ወንበር ላለው ግን የመወዳደሪያ ወንበር፣ ምቹ ሜዳ፣ የሠለጠነ አሠልጣኝና የጉዳት ደረጃውን መርምሮ የሚመድብ ባለሙያ ያስፈልገዋል። እነዚህ በጀትና ዕቅድ ይጠይቃሉ፤ በጀግንነት ብቻ አይተኩም።

በ1984 ሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክን ስታስተናግድ፣ ኢትዮጵያ ከሶቪየት ኅብረት ጎን ተሰልፋ ቀረች። የዚያ ዓመት ፓራሊምፒክም በሎስ አንጀለስ ሳይሆን በኒው ዮርክና በስቶክ ማንደቪል ተከፋፍሎ ተካሄደ። በ2028 ሁለቱም ውድድሮች ከፌርፋክስ በቅርብ ርቀት ይካሄዳሉ፤ ኦሊምፒኩ በጁላይ፣ ፓራሊምፒኩ በኦገስት። በማራቶኑ ዕለት ባንዲራ የሚያውለበልብ ሐበሻ እንደማይጠፋ መገመት አያዳግትም። የፓራሊምፒኩን ውጤት የሚወስነው ግን ከዚያ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው፤ ወንበሩን የሚገዛ፣ ባለሙያውን የሚልክ፣ ከፌዴሬሽንና ከሆስፒታል ጋር ውል የሚገባ ሰው መገኘቱ። በዲያስፖራው ውስጥ ሐኪሙም፣ መሐንዲሱም፣ የሕግና የፋይናንስ ባለሙያውም አለ። ጉትማንም የጀመሩት ከአንድ ሆስፒታል ግቢና ከጥቂት ታካሚዎች ነበር።