ኳስን ከነፋስ መቅለብ

ንፋስ ስልክ ስሙን ያገኘው ከገመድ አልባ ጣቢያ ነው። በጣሊያን ወረራ ዋዜማ በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ መልእክት ያለ ሽቦ ሲመላለስ የሰማ ሕዝብ ነገሩን ከዚህ በተሻለ ሊሰይመው አይችልም ነበር፤ ስልክ ነው፣ ሽቦው ግን ነፋስ ነው። ዛሬ ከሳሪስ እስከ ለቡ፣ ከጎፋ እስከ ጀሞ በየጣሪያውና በየበረንዳው ፊቱን ወደ ሰማይ አንጋጦ የተደረደረውን ዲሽ ለሚያይ፣ ሰፈሩ ለስሙ የታመነ ይመስላል። ለመሆኑ ይህን ሁሉ ሳሕን ወደ ጣሪያ ያወጣው ምንድን ነው? ዜና ነው የሚል ካለ አልከራከረውም። እኔ ግን አብዛኛውን ድርሻ ለኳስ እሰጣለሁ።

የአዲስ አበባ ሰው ኳስ የሚያይበትን መንገድ ሲፈልግ መኖሩ የቆየ ታሪክ አለው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ የቀደሙትን ሁለት የአፍሪካ ዋንጫዎች የወሰደችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 ስታሸንፍ፣ በአገሩ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር አልነበረም። ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ሲቀበል ያየ ሰው እዚያው የነበረ ነው፤ ያልነበረ ከነበረው ሰማ። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ሥራ የጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ያነሣነው ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ቴሌቪዥናችንን በሦስት ዓመት ግድም ቀደመው ማለት ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ቴሌቪዥን ለረጅም ጊዜ የጥቂት ሰዎች ቤት ዕቃ ነበር። ሌላው በጎረቤት መስኮት አንገቱን አስግጎ፣ በደርግ ዘመን ደግሞ በቀበሌ አዳራሽ አግዳሚ ላይ ተጣብቦ ያይ ነበር። በ1980 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን የምሥራቅና መካከለኛው አፍሪካን ዋንጫ እዚሁ አዲስ አበባ ላይ ከዚምባብዌ ጋር ተጫውቶ በመለያ ምት ሲወስድ የተሰማው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ፣ ያንን ጨዋታ ላላየው ትውልድ እንኳ ሳይቀር ተርፏል።

ቀጥሎ የመጣው የቪዲዮ ቤት ነው። በካራቴና በህንድ ፊልም ዳቦውን የበላው ባለ ቪዲዮ ቤት፣ ጊዜው ሲደርስ ዲሽ ገዝቶ ባለ ዲኤስቲቪ ቤት ሆነ። አግዳሚው ያው፣ በር ላይ ገንዘብ የሚቀበለው ልጅም ያው ነው፤ የተለወጠው ከሰማይ የሚወርደው ነገር ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ በ1984 ዓ.ም. ማብቂያ ተቋቁሞ ጨዋታውን ለክፍያ ቴሌቪዥን ሲሸጥ፣ ሳሪስ ላይ ያለ የአርሰናል ደጋፊ በውሉ ውስጥ ስሙ አልነበረም፤ ዕዳው ግን ደርሶታል። ጨዋታው ዛሬ በደቡብ አፍሪካው ዲኤስቲቪ፣ ነገ በዐረብ ጣቢያ ይመጣል፤ ተመልካቹ በማይገባው ዐረብኛ «ጎል» የምትለዋን ብቻ እየለየ ያያል። ጂቲቪ የተባለው ኩባንያ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ ከሰሀራ በታች ያለውን አብዛኛውን የፕሪሚየር ሊግ መብት ጠቅልሎ ወሰደና ጥር 22 ቀን 2001 ዓ.ም. በውድድሩ መካከል ተዘጋ። ሪሲቨሩን የገዛ ደንበኛ ሣጥኑን ታቅፎ ቀረ። መንከራተቱ የድሃ አገር ብቻ እንዳይመስለን፤ የአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ወዳጅም አንዱን ጨዋታ በኢኤስፒኤን፣ ሌላውን በየሊጉ ጣቢያ፣ የቀረውን በኢንተርኔት ከፍሎ እያሳደደ ነው የሚያየው።

የእኛው ሰው መላ ግን በጋራ ማየት ሆነ። የወር ክፍያውን ብቻውን የማይችለው ሰው ለአንድ ጨዋታ የሚበቃ ሳንቲም አያጣም። ቅዳሜ ጠዋት በር ላይ በተደገፈው ጥቁር ሰሌዳ የዕለቱ ጨዋታ ከነሰዓቱ በጠመኔ ይጻፋል፤ እንግሊዞች በጥቅምት ሰዓታቸውን ወደ ኋላ ሲመልሱ የ11 ሰዓቱ ጨዋታ 12 ሰዓት ይሆናል፤ የሻምፒዮንስ ሊጉም ከሌሊቱ 4 ወደ 5 ይሻገራል። ስለ ለንደን ክረምት ምንም ያላነበበ የጎፋ ልጅ ይህችን አንድ ሰዓት አይስታትም። መብራት ጠፍቶ ባለቤቱ የጄኔሬተሩን ገመድ ሲስብ የሚወርድበት እርግማን ሌላ ነው፤ ጎል የገባው በዚያች ደቂቃ ከሆነማ አያድርስ!

እነዚህ ቤቶች የስታዲየሙን ሕዝብ ነጠቁት የሚሉ አሉ። ተማሪውን ከትምህርቱ አስቀሩት የሚለው ክስ እውነት አለበት፤ ለስታዲየሙ ግን ሙሉ ጥፋቱን እነሱ ላይ መጫን ይከብደኛል። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. ዋልያዎቹ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመልሰው ደቡብ አፍሪካ ላይ ከዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ፣ አዳነ ግርማ የአቻነቷን ጎል ሲያገባ፣ ከዚያ ሁሉ የማንቼና የአርሰናል ማልያ ውስጥ የወጣው ጩኸት አንድ ነበር። ቀኑን ልብ ላለ፣ ቫሳሎ ዋንጫውን ካነሣ ልክ በ51ኛ ዓመቱ ነው። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የራሳችን ፕሪሚየር ሊግ በሱፐር ስፖርት በቀጥታ መተላለፍ ጀመረ፤ የጊዮርጊስና የቡና ደጋፊ ክለቡን እንግሊዞቹን በለመደበት መስኮት አየው።

ከዚያ የመጣው ግን ያልታሰበ ነበር። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የኢትዮጵያ ስታዲየሞች መስፈርቱን አያሟሉም በማለቱ ብሔራዊ ቡድኑ «በሜዳው» የሚያደርገውን ጨዋታ ይዞ ተሰደደ። ሰኔ 2 ቀን 2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በዳዋ ሆቴሳና በሽመልስ በቀለ ጎሎች ግብፅን 2 ለ 0 አሸነፈች። በመዝገብ ባለሜዳዋ ኢትዮጵያ ናት፤ ጨዋታው የተደረገው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በ1954 ዓ.ም. ግብፅ ስትሸነፍ ለማየት የአዲስ አበባ ሰው ስታዲየም መግባት ነበረበት። በ2014 ዓ.ም. ስታዲየሙ በከተማው መሐል እንደቆመ፣ የዚያኑ ዓይነት ድል ለማየት የቀረለት ስክሪን ብቻ ነበር።