ብቸኛው ቀዛፊና ተሸካሚዎቹ

ብሪታንያዊው የሕግ ሰው ጆን ማክግሬጎር በ1865 ዓ. ም. (እ. ኤ. አ.) «ሮብ ሮይ» የተባለችውን፥ ርዝመቷ 4 ሜትር ተኩል ያህል የሆነውን ታንኳ ብቻውን እየቀዘፈ በራይን፥ በዳኑብና በሴን ወንዞች ተጓዘ። በተከታዩ ዓመት ያሳተመው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ጉዞ በአገሩ ሰዎች ዘንድ አስወደደው። ነገር ግን «ብቻውን» የሚለው ቃል ምርመራ ያሻዋል፤ ታንኳዪቱን ከአንዱ ወንዝ ወደ ሌላው ያሻገሯት ባቡር፥ ጋሪና የባላገር ትከሻ ናቸውና። በ1868 እና በ1869 ዓ. ም. ተቈፍሮ ባላለቀው የስዌዝ ቦይ ቀዝፎ ወደ ዮርዳኖስ በተሻገረ ጊዜም፥ ድንኳኑን የጫኑ በቅሎዎችና አገልጋዮች በየብስ ተከትለውታል። በሑላ ረግረግ አጠገብ ደግሞ የአገሩ ዐረቦች ማርከውት፥ በውስጧ እንደ ተቀመጠ ታንኳዪቱን ተሸክመው ወደ ሼካቸው ድንኳን ወሰዱት።