ዳማከሴ ከጤና አዳም ጋር
ዳማከሴ በኢትዮጵያ ደጋና ወይና ደጋ በየጓሮው የሚበቅል፣ ከበሶብላ ጋር አንድ ወገን የሆነ መዓዛማ ቁጥቋጦ ነው። በዋናነት የሚፈለገው ለምች ነው። ለጋ ቅጠሉ በመዳፍ ይታሻል፤ ከጣቶች መሃል የሚንጠባጠበው አረንጓዴ ጭማቂ በቡና ይጠጣል፣ ይሸተታል፣ ግንባርና ሰውነትም ይቀባበታል። ጤና አዳም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ማር የሚያክሉበትም አሉ። ጤና አዳም ሩቲን የተባለ ፍላቮኖይድ አለው፤ ነጭ ሽንኩርት ደግሞ አሊሲን የሚያመነጨው ሲወቀጥ ወይም ሲከተፍ ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች በቤተ ሙከራ የኦክሳይድን ጉዳት ሲገቱ ቢታዩም፣ ድብልቁ የሰውን የበሽታ መከላከል አቅም እንደሚያጠናክር በበቂ ጥናት አልተረጋገጠም። ጥንቃቄው ግን ግልጽና ከባድ ነው፦ ጤና አዳም በብዛት ሲወሰድ ፅንስ ሊያስወርድ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም፤ ጭማቂው የነካው ቆዳም ፀሐይ ሲያገኘው ይቆጣል። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሰዎች ነጭ ሽንኩርት ቢያበዙ የመድማት አደጋው ይጨምርባቸዋል።