ዋስ የሌለው ሽምግልና

ቁስቋም ውስጥ ሁለት ጎረቤታሞች በአጥር ቢጣሉ፣ ነገሩ ፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይገባበታል። ሽማግሌዎቹ ፖሊስም ማኅተምም የላቸውም። በአገሩ ልማድ ግን እርቁን የሚያጸናላቸው አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዋስ ነው። ሁለቱም ወገን ዋስ ይጠራል። ቃሉን ያፈረሰ ሰው ከባላጋራው ብቻ ሳይሆን ከገዛ ዋሱም ጋር ይጣላል።

ይህ ልማድ ወደ አገር ፖለቲካ ሲወጣ ምን ይገጥመዋል? የ1997ቱ ምርጫ መዘዝ ጥሩ ማሳያ ነው።

በግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ምርጫ ውጤት ላይ የተነሳው ውዝግብ በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ደም አፋሰሰ። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን 193 ሲቪሎችና 6 ፖሊሶች መሞታቸውን አረጋገጠ። የቅንጅት መሪዎች፣ ጋዜጠኞችና የሲቪክ ማኅበራት ሰዎች ታሰሩ።

ያኔ በመካከል የገቡት የመንግሥት ሥልጣን ያልነበራቸው ሰዎች ነበሩ። ቡድኑን የመሩት ፕሮፌሰር ኤፍሬም ይስሐቅ ሲሆኑ፣ አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴም ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነበር። በእስረኞቹና በባለሥልጣናቱ መካከል ብዙ ተመላለሱ። በሰኔ 1999 እስረኞቹ በሽማግሌዎቹ በኩል ይቅርታ የሚጠይቅ ጽሑፍ ፈረሙ። ሐምሌ 9 ቀን ከመካከላቸው ብዙዎቹ ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው፤ ሐምሌ 13 ቀን 38 ሰዎች ተፈቱ። ፍርድ ቤት የዘጋውን በር ሽማግሌ ከፈተው።

ይሁን እንጂ ወረቀቱ አንድ ሆኖ ንባቡ ሁለት ነበር። መንግሥት ጽሑፉን ሊሰረዝ የሚችል ሕጋዊ ይቅርታ አድርጎ ያዘው። ብርቱካን ሚደቅሳ ደግሞ በሽማግሌ የመጣ ፖለቲካዊ እርቅ መሆኑን በ2001 ስዊድን ውስጥ ተናገረች። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ይቅርታው ተሰርዞ ወደ ዕድሜ ልክ እስራቷ ተመለሰች። የተፈታችው በመስከረም 2003 ነው። ሁለቱን ንባቦች ዳኝቶ "ስምምነቱ ይህ ነበር" ቢል ሁለቱም ወገን የሚቀበለው አካል አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ክብር እንጂ ዋስ አልነበራቸውም።

ከዚያ 15 ዓመት ቀደም ብሎ ሮም ላይ የሆነው የተለየ ነበር። ቅዱስ ኤጊዲዮ የተባለ የካቶሊክ ምእመናን ማኅበር የሞዛምቢክን መንግሥትና ሬናሞን ከሁለት ዓመት በላይ አደራድሮ፣ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 4 ቀን 1992 አስማማ። እነሱም ጦር አልነበራቸውም። ስምምነቱ ግን ነጥብ በነጥብ ተጻፈ፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል ኮሚሽን ተቋቋመ፤ የተባበሩት መንግሥታት በሺዎች የሚቆጠሩ ሰላም አስከባሪዎች ላከ። እ.ኤ.አ. በ1994 ምርጫ ተካሄደ። አደራዳሪው ደካማ ቢሆንም ዋሱ ጠንካራ ነበር።

ይህ የኤፍሬም ይስሐቅን ቡድን ድካም አያሳንስም። እነሱ ባይገቡ ኖሮ የእስሩ ዘመን በረዝመ ነበር። የጎደለው የሽማግሌ ቅንነት ሳይሆን፣ የቁስቋም ሽማግሌ እንኳ የማይዘነጋው ነገር ነው።

ዛሬም አገር በተጣላ ቁጥር "ሽማግሌ ይግባ" ይባላል። ይግባ። ተፋላሚዎቹ እጅ ከመጨባበጣቸው በፊት ግን ሁለት ጥያቄ ይመለስ፦ የተስማማነው በትክክል ምንድን ነው? ቃሉ ቢፈርስስ ዋሱ ማን ነው?