«አይበገሬ» በርበሬ የለም

«የአየር ንብረት ለውጥ አይበገሬ የቅመማ ቅመም አመራረት» የሚሉ ሐረጎች በሥልጠና ሰነዶችና በስብሰባ ባነሮች ላይ እየተለመዱ መጥተዋል። አዳማ አዳራሽ ውስጥ ሲነበብ ማንንም ላያስደነግጥ ይችላል። ሐረጉ የሚመለከተው ግን በዓለም ጤና፣ በመቂና በማረቆ በኩል በርበሬ የሚያለማውን ገበሬ ነው፤ እሱ ጆሮ ሲደርስ ምንም አይነግረውም። ያናደደኝም ይኸው ነው።

ጉዳዩን አንባቢ ያውቀዋል። ዝናቡ ይዘገያል፤ ሲመጣም ባንድ ጊዜ ወርዶ ማሳውን ውሃ ያስተኛበታል፤ ከዚያ አጠውልግ የሚባለው በሽታ ይከተላል። ከ2004 ዓ.ም. አንሥቶ በደቡብ የዝንጅብልን ማሳ ያራቆተው የባክቴሪያ አጠውልግ አሁንም ያንገበግባል። መፍትሔ የሚባሉት ሥራዎችም ባዕድ አይደሉም፦ ውሃ እንዳይተኛበት መደቡን ከፍ ማድረግ፣ እርጥበት እንዳይሸሽ አፈሩን በገለባ መጎዝጎዝ፣ ንጹሕ ዘር መምረጥ፣ በርበሬን ከቦሎቄና ከበቆሎ ጋር ማፈራረቅ። ከቲማቲምና ከድንች ጋር ማፈራረቅ ግን አይረዳም፤ ዘመዳሞች ስለሆኑ በሽታ ይጋራሉ። ይህን ሁሉ ባንድ ቃል ምን እንበለው?

«አይበገሬ» የመጣው «ተበገረ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ለኃይል እጅ ሰጠ፣ ተሸነፈ ማለት ነው። በ2011 (እ.ኤ.አ.) ይፋ የሆነው የአገሪቱ ስትራቴጂ በአማርኛ «ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ» ተባለ። እዚያ ላይ ቃሉ አያስከፋም፤ አገር «አልበገርም» ብትል ያምርባታል። ችግሩ የመጣው ከዚያ «አይበገሬነት» የሚል ስም ተጠርቦ በችግኝ ላይ ሲለጠፍ ነው። አይበገሬ የሚባለው ጦር ነው፣ ምሽግ ነው። በርበሬ ግን ቀትር ላይ ቅጠሉን ዝቅ ያደርጋል፤ ሲመሽ መልሶ ያነሣል። በእንግሊዝኛ «ሬዚሊየንስ» የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ ልብም ይኸው ነው፤ ጎንበስ ብሎ መነሣት። አይበገሬው ቃል ጎንበስ ማለትን ከነጭራሹ ይከለክላል።

ተፎካካሪዎቹን እንያቸው። «መቋቋም» የተከበረ ቃል ነው፤ ሥሩ «ቆመ» ነው። ነገር ግን «የተቋቋመ ማኅበር» እንላለንና «የመቋቋም አቅም» ሲባል አንዳንዴ ድርጅት መመሥረት ይመስላል። «ማገገም» ሆስፒታል ሆስፒታል ይላል፤ አስቀድሞ መታመምን ይጠይቃል። «ጽናት» የሰማዕታትና የታጋዮች ቃል ነው፤ ለድንብላል አይሆንም። «ሬዚሊየንስ» ብሎ በፊደላችን መጻፍ ደግሞ መተርጎም አይደለም።

እኔ የምቆመው ለ«ቻይ» ነው። «ቻለ» ከግዕዙ «ክህለ» የወረደ ነው፤ ዛሬ በየሥልጠናው የምንጠራው «ክህሎት» ወንድሙ ነው። ባንድ ሥር ሁለት ፍች ይዟል፦ አቅም ማግኘትና ሸክም መሸከም። ገበሬውም «ይህ ዘር ድርቅ ይችላል» ሲል አዲስ ቃል አልፈጠረም። በመቂ አካባቢ በሚነገረው በአፋን ኦሮሞ «ደንደኡ» የሚለው ግሥም መቻልንና መታገሥን አንድ ላይ ይይዛል። ሁለቱን ቋንቋ የሚናገር የመቂ ሰው ያለ አስረጂ ይረዳዋል ማለት ነው።

«ቻይ ማለት ዝም ብሎ የሚሰቃይ ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ግማሽ እውነት ነው። ነገር ግን «ሥራውን ይችላል» የምንለውም በዚሁ ግሥ ነው፤ መደቡን ያነሣው፣ ዘሩን የመረጠው፣ ማሳውን ያፈራረቀው ገበሬ ቻይ ብቻ ሳይሆን የሚችልም ነው። በረዶ የመታው ማሳ ዳግመኛ ሲለመልም ደግሞ «አንሰራራ» የሚል ሌላ ያማረ ግሥ አለን። አንድ የባዕድ ቃል የግድ ባንድ የአማርኛ ቃል መተካት የለበትም፤ ሁለት ካሉን ሁለቱንም እንጠቀም።

የቅመም ነገር ሲነሣ አማርኛ ደኽይቶ አያውቅም። የዓለም ሳይንስ ኮረሪማን በላቲን ሲሰይም የእኛኑ «ኮረሪማ» ወስዶ ነው። ምርምር ያወጣው የበርበሬ ዝርያም «ማረቆ ፋና» ይባላል፤ አገሩንና ብርሃንን የያዘ ስም ስለሆነ ማንም አይረሳውም። ይህን ያህል ስም ያላት ቋንቋ ለአንድ የእርሻ ዘዴ ስም አጥታ የጦር ሜዳ ቃል የምትለምንበት ምክንያት የለም።

የሥልጠና ሰነድ የምታዘጋጁ ባለሙያዎች፣ በአዳማም ሆነ በመልካሳ፣ ልመናዬ ይህ ነው፦ በሚቀጥለው ሰነድ «የአየር ንብረት ለውጥን የሚችል የቅመም እርሻ» ብላችሁ ጻፉ፤ ሲያጥር «ቻይ እርሻ»፣ ለዘሩ «ድርቅ ቻይ» በሉ። ሳታሳትሙትም ለአንድ የበርበሬ ገበሬ አንብቡለት።