ልምምድና የጭንቅ ጊዜ ምላሽ

ድንገተኛ አደጋ ሲደርስ የልብ ምት ይፈጥናል፤ አድሬናሊን የተባለው ሆርሞን በደም ውስጥ ይሠራጫል፤ ትኩረትም ይጠብባል። በዚያች ቅጽበት አዲስ መፍትሔ ማሰላሰል ይከብዳል። ደጋግመን የተለማመድነው ድርጊት ግን ብዙ ማሰብ ሳያስፈልገው ይፈጸማል። «በደመ ነፍስ» የምንለው ምላሽ ብዙውን ጊዜ የልምምድ ፍሬ ነው።

የጃፓኗ ካማይሺ ከተማ ለዚህ ማሳያ ናት። የአደጋ መከላከል ምሁሩ ፕሮፌሰር ቶሺታካ ካታዳ የከተማዋን ተማሪዎች ሦስት ነገር አስተምረዋል፦ በግምት አለመታመን፣ የተቻለውን ሁሉ ማድረግ፣ ለመሸሽ ቀዳሚ መሆን። እ.አ.አ. ማርች 11 ቀን 2011 ምድር ስትናወጥ፣ በኡኖሱማይ ሰፈር የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ወደ ከፍታ ሮጡ። በትምህርት ቤታቸው ሦስተኛ ፎቅ የተሰበሰቡት የአንደኛ ደረጃ ተማሪዎችም እነርሱን አይተው ተከተሉ። አስቀድሞ ወደተወሰነው መሸሸጊያ ሲደርሱ ከጀርባው ያለው ገደል ተንዶ አገኙት። ስለዚህ አልቆሙም፤ ታላላቆቹ የታናናሾቹን እጅ ይዘው ሽቅብ ቀጠሉ። ሱናሚው ሁለቱን ትምህርት ቤቶችም መሸሸጊያውንም ዋጠ።

በከተማዋ ከ1,000 በላይ ሰዎች ሞተዋል ወይም የደረሱበት ጠፍቷል። ወደ 3,000 ከሚጠጉት የአንደኛና የመለስተኛ ሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ግን ከጥቂቶች በቀር ሁሉም ተርፈዋል።

ልጆቹ የተለማመዱት መሸሸጊያውን ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚያው ይቆሙ ነበር። ጠቃሚ ሥልጠና እግርን ለሩጫ፣ ዓይንንም ሁኔታው ሲለወጥ ለማስተዋል ያዘጋጃል።